ካቴናው ለምን ይወርዳል?

የብስክሌቱ ካቴና ለአምስተኛ ጊዜ ወረደ።

ማህደር ብስክሌቱን ገና ከጋራዡ በር እንኳን አላስወጣችውም ነበር። ፔዳሉ በባዶ ዞሮ ቁርጭምጭሚቷን መታት። ወርዳ እግሯን እያሸች፣ አጠገቧ የብሎን መፍቻ ቁልፍ ይዛ ወደቆመችው ጓደኛዋ ወደ ረፊቃ ዞረች።

«ከካቴናው አንድ ፍሬ ቆርጠሽ ስላሳጠርሽው ነው» አለቻት። «ተይው ብዬሽ ነበር።»

ረፊቃ አልተቆጣችም። ሁለቱን ፔዳሎች የሚያገናኘውን ብረት፣ መካኒኮች ፔርኖ የሚሉትን፣ ስታስገባው የትኛው ጫፍ በየት በኩል እንደሆነ አይታ እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት። ማህደር አይቻለሁ፣ በትክክል ነው ያስገባሁት ብላ መለሰች። በዚህ ጊዜ ረፊቃ ቁልፉን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በሩ አጠገብ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ትታት ወደ ቤት እንዳትሄድ የሁለቱም መንገድ አንድ ነው፤ ሁለቱም ጋራዡና ትምህርት ቤቱ ካሉባት ከገንዳ ውሃ ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቃ ካለች መንደር በየቀኑ በእግር ተመላልሰው ነው ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት።

ብስክሌቱም የተጀመረው በዚሁ መንገድ ምክንያት ነበር። የሰሊጥ እርሻዎቹን ትራክተር የሚጠግኑት የጋራዡ ባለቤት አያ አዛናው ከጋራዡ ጥግ ሁለት የተሰባበሩ ብስክሌቶች ነበሯቸው። ከወር በፊት ልጆቹ ቢለምኗቸው፣ ከሁለቱ አንድ የሚሄድ ማውጣት ከቻላችሁ ውሰዱት አሏቸው። ልጆቹ ከአንዱ ቴላዮውን፣ ማለትም ዋናውን የብረት አካል፣ ከሌላው ጎማዎቹን ወሰዱ። ካቴናውን የረፊቃ አባት ዑበይዳ ከሱዳን ድንበር አመጡላቸው። ረፊቃም አባቷ ከሱዳኖች በለመዱት ቃል ብስክሌቱን «አጀላችን» ትለው ጀመር። ችግሩ ቀኑ ነው። ዛሬ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁርጥራጭ ብረት የሚጭነው መኪና ከጎንደር ይመጣል። አያ አዛናው እንዳሉት፣ ብስክሌቱ መንገዱ ላይ እስካለው ድልድይ ሄዶ ካቴናው ሳይወርድ ካልተመለሰ፣ እሱም ከብረቱ ጋር ይጫናል።

አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ማህደር ብስክሌቱን ገልብጣ በኮርቻውና በመሪው አቆመችው። ፔዳሉን በእጇ አዞረችው። ካቴናው ሦስት አራት ዙር ደህና ሄደ፤ ከዚያ ከፊተኛው ጥርስ፣ ካቴናው ከሚዞርበት ክብ ብረት ላይ፣ ወደ ውጭ እያጋደለ፣ እያጋደለ፣ ወረደ። እንደገና አስገብታ አዞረችው። አሁንም ወደ ውጭ ነው። ካቴናው አጥሮ ቢሆን ይወጠራል እንጂ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ለምን ይሄዳል?

ከኋላው ሄዳ ተንበረከከችና አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች። የሆነ ነገር ደስ አላላትም። የሰሊጥ ጆንያ የሚሰፋበት ሲባጎ ከመደርደሪያው አንስታ ከኋለኛው ጥርስ ወደ ፊተኛው ወጥራ ያዘችው። ሲባጎው ቀጥ ብሎ ሄደና የፊተኛውን ጥርስ ሳይነካው አለፈ። የፊተኛው የትንሽ ጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይደሉም! ይሄው፣ አገኘችው!

የፔዳሎቹን ክንዶች የሚይዙትን ሽብልቆች በመዶሻ መትታ አወጣች፤ ክንዶቹን ነቀለች፤ ፔርኖውን መዝዛ መዳፏ ላይ አስተኛችው። አንደኛው ጫፍ ከሌላው ይረዝማል። ረጅሙ ጥርሱ ባለበት በቀኝ በኩል መውጣት ሲገባው በግራ ነበር የወጣው።

ማክሰኞ ዕለት ያስገባችው እሷ ናት። እንዳይመሽባቸው ስትቸኩል ጫፎቹን አላየቻቸውም። ዛሬ ግን አይቻለሁ ብላለች።

ቀና ብላ ወደ በሩ ተመለከተች። የረፊቃ ጀርባ አልተንቀሳቀሰም። አዙራ ብታስገባው ማንም አያውቅም።

ፔርኖውን አዞረችው። ፔርኖው የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች ግራሶ ቀብታ መለሰች፤ አንደኛው ክንድ ወደ ላይ ሲሆን ሌላው ወደ ታች እንዲሆን ደጋግማ ለካች፤ ሽብልቆቹን መትታ አጠበቀች። ሲባጎውን እንደገና ስትወጥረው ሁለቱንም ጥርሶች እኩል ነካ። ፔዳሉን አዞረችው። አስር ዙር። ሃያ። ካቴናው ሺርር እያለ መስመሩን ሳይለቅ ይሮጣል። ማህደር ብቻዋን ሳቀች፤ እጇ ጥቁር በጥቁር ሆኖ፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ሳቀች።

የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። አያ አዛናው ከጫኞቹ ጋር ገቡ፤ ረፊቃም ከኋላቸው ተከትላ በሩ ላይ ቆመች። እሳቸው ጎንበስ ብለው ፔዳሉን አዞሩና ካቴናውን አዩት። ምን ሆኖ ነበር ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ አያ» አለች ረፊቃ መሬት መሬት እያየች። «ካቴናውን ቆርጬ አበላሸሁት።»

ማህደር ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል።

«ካቴናው ምንም አልነበረበትም» አለች። «ፔርኖውን ገልብጬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ጠይቃኝ ነበር፤ ሳላይ አይቻለሁ አልኳት።»

ረፊቃ ቀና ብላ አየቻት። አያ አዛናው ግን አልተገረሙም። መኪናው እየጠበቀ ነው፣ ብስክሌቱን እስከ ድልድዩ ማን ነው የሚነዳው ብቻ አሉ።

ማህደር ይህን ሰዓት አንድ ወር ሙሉ ስታስበው ኖራለች፤ መሪውን ይዛ፣ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት። ብስክሌቱን እየገፋች በሩ ድረስ ወሰደችውና መሪውን ወደ ረፊቃ አዞረችው።

«አንቺ ንጂው።»

ረፊቃ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፤ ከዚያ ቀጥ አለች። ማህደር ከኋላዋ መሮጥ ጀመረች፤ መቆም አልቻለችም። ብስክሌቱ አንድ ጉድጓድ ዘለለ፣ ካቴናው ቦታው ላይ አለ። አንድ ባጃጅ ዳር ይዞ አሳለፋት፣ ካቴናው አለ። ድልድዩ ጋ ስትታጠፍ ማህደር አንገቷን አስግጋ ተመለከተች፤ ረፊቃ ግን አቧራውን እየበተነች ወደ እሷ መጣች። ጫኞቹ ከመኪናው ላይ ያፏጩ ነበር።

አጠገቧ ስትደርስ አንድ እግሯን መሬት አስነክታ ቆመች። ታለከልካለች።

«የግራው ፔዳል ትንሽ ይወዛወዛል» አለች። «ነገ እናየዋለን።»

ማህደር «እናየዋለን» ስትል ሁለታቸውንም ማለቷ እንደሆነ ገባት። ከጋራዡ መሬት ያነሳችውን ቁልፍ ከኪሷ አወጣችና አቧራው ላይ ተንበረከከች።

«ዛሬ እንየው» አለች። «አንቺ ያዢልኝ፤ የቱ ጋ እንደላላ አሳይኝ።»