ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት

ቋ አለ።

የብረት በሩ ነው፤ ከውጭ ተቆለፈ። ዘነበ ዞሮ አላየም። ከአዲሱ ግራፊክስ ካርድ ካርቶን፣ ከስፖንጁ ሥር የተደበቀችውን፣ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ በጣቱ ስቦ እጅጌው ውስጥ አስገባ።

ርክክቡ አለቀ። የቀረው መውጣት ነበር።

በሩ ግን ተቆልፏል።

በድንበር ከተማዋ ቶጎጫሌ ውስጥ የጃማን የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ የማያውቅ የለም። ከሠርጉ ጀርባ መሣሪያ እንደሚያሻግር የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። የመኪኖቹ ታርጋና የሾፌሮቹ ስም ሚሞሪዋ ላይ ነው። ዝርዝሩን የገለበጠችው፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ኤዲተር፣ ሳጋል ናት፤ የምስጢር ስሟ «ርግብ»። ወንድሟ የሞተው በጃማ መኪና በገባ ጥይት ነው።

ዘነበ ደግሞ የደኅንነት ሰው ነው፤ የምስጢር ስሙ «ፋኖስ»። ጅግጅጋ ላይ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሆኖ ሦስት ዓመት ኖሯል። ዛሬ እዚህ ለምን እንደመጣ ከሳጋል ሌላ የሚያውቀው አለቃው ቀለምወርቅ ብቻ ነው።

ጃማ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ዋርያ፣ አዲሱን ግራፊክስ ካርድ ግጠምልኝ። ሙሽሮች እየጨቀጨቁኝ ነው።»

ገጥሞ መውጣት። አምስት ደቂቃ። ዘነበ የኮምፒውተሩን ኬዝ ከፈተ፤ የድሮውን ካርድ ነቀለ፤ አዲሱን ወደ ማስገቢያው አስጠጋ።

እጁ ቆመ።

ሦስት ዓመት የውሸት ኑሮ ኖሯል፤ እጁ ግን እውነቱን ተምሯል። ካርዱን አስቀምጦ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሳፕላይ ፈታና በመዳፉ መዘነው። እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለው። ላዩ ላይ ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ይላል፤ ከሥሩ በደቃቁ የተጻፈው የአሥራ ሁለት ቮልቱ መስመር ግን አሥራ ስድስት አምፔር ብቻ። ሁለት መቶ ዋት እንኳ አይሞላም። ለካርዱ የሚሰካ ገመድም የለውም።

«አዴር» አለ ዘነበ፣ እንደ አጎት አክብሮ፤ «ይኼ አይሸከምም። ካርዱ ብቻውን ከዚህ በላይ ይበላል። በቅጥያ ገመድ ብገጥመው ሁለቱንም ያቃጥልብዎታል።»

ጃማ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ሳቀና ነገሩን አጫወተው። ትናንት ከጅግጅጋ ሰው ደውሎለት፣ ጠጋኝ መስሎ የሚመጣው ሰላይ ነው ብሎት ኖሯል። ሐርጌሳ ያለውን ኮምፒውተር አዋቂ የእህቱን ልጅ በምን እለየው ቢለው፣ እውነተኛ ባለሙያ ከካርዱ በፊት ፓወር ሳፕላዩን ያያል፣ አስመሳይ ግን ዝም ብሎ ይሰካል አለው። ደህናውን አስነቅሎ ይኼን ዕቃ ያስገባው ራሱ ጃማ ነው።

ደዋዩ ማን እንደሆነ ለዘነበ ገባው። ቀለምወርቅ ሸጦታል።

«አንተስ ባለሙያ ነህ» አለ ጃማ። ሳቁ ግን ጠፍቷል። «ከዚህ ማሽን ላይ ግን ዝርዝሬ ተገልብጧል። ማነው የነካው?»

ዘነበ ፓወር ሳፕላዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

እጅጌው ድንጋይ የተሸከመ መሰለው።

«እኔ ነኝ» አለች ሳጋል። «እሱን ልቀቀው። ብሎን ከመፍታት ሌላ ምን ያውቃል?»

ዘነበን አላየችውም። ጃማ በሩን አንኳኳ፤ ጠባቂዎቹ ከፈቱ። ዘነበ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። ዞር ቢል ሁለቱም ያልቃሉ፤ ዝርዝሩም እዚያው ይቀራል።

ዞር አላለም።

ሚሞሪዋን ለቀለምወርቅ አልሰጠም፤ ሐረር ድረስ ወስዶ ከእሱ በላይ ላለው አለቃ አስረከበ። ዓርብ ዕለት መኪኖቹ ኬላ ላይ ተያዙ፤ ቀለምወርቅም ታሰረ። ስለ ሳጋል የሰማ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት ጅግጅጋ ላይ ሱቁን ሲቆልፍ፣ የሞባይል ከቨር የምትሸጠው ጎረቤቱ ሂባቅ ወዴት ነው አለችው። መቼ እንደሚመለስም ጠየቀችው።

ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላትና የሐረሩ ሚኒባስ ላይ ወጣ።