ኑግ ዘይት የጠጣው ፕሪንተር

ፕሪንተሩ ሲጥጥ አለ፤ ቀለም የሚያመላልሰው ሳጥን ወደ ግራ ተስፈንጥሮ ጠርዙ ላይ ጓ! ብሎ ተላተመ። ቀዩ መብራት ቦግ እልም ይል ጀመር።

«ይኸው! ይሰማዎታል?» መሐሪ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋና መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። «አባት ናቸው ብዬ ባምንዎት የሞተ ማሽን አሸከሙኝ! የሰው የሠርግ ጥሪ ተቀብዬ አፈርሁ! ሌባ ነዎት!»

ሌባ በአንቱታ ሲሰደብ እህቱ ያምሮት ገና ዛሬ ሰማች። በሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ በሳቀች ነበር። የሚሰደቡት ጋሼ ቸኮለ ናቸው፤ ቡሬ ላይ አሮጌ ማሽን እየጠገኑ የሚሸጡ ሽማግሌ። መሐሪ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋና ጥሪውን ሌላ ቤት ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ፣ ባጃጅ አስቁሞ በረረ።

ማሽኑን ማን ለዚህ እንዳበቃው ያምሮት ታውቃለች። እሷው ናት።

ትናንት ከትምህርት መልስ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን የወንድሟን ኮፒ ቤት ከጓደኛዋ ከትሕትና ጋር እየጠበቀች ነበር። ፕሪንተሩ ሲጥ ሲጥ ሲልባቸው ትሕትና «የእማዬ የስፌት መኪና እንዲህ ሲል ዘይት ጠብ ይደረግበታል» አለች። የማሽን ዘይት ሲያልቅባቸው ኑግም ያደርጉበታል አሉ! ሮጣ ሄዳ በብልቃጥ አመጣች። ያምሮትም ሳጥኑ የሚመላለስበትን ብረት ወዝ በወዝ አደረገችው። እውነትም ጸጥ አለ። ምን ዋጋ አለው፣ አድሮ ይህን አመጣ።

መሐሪ «ማሽኔን የነካካ ሱቄን አይረግጥም» ብሎ የሚዝት ሰው ነው፤ መዛት ብቻ ሳይሆን ያደርገዋልም። ያምሮት ደግሞ ኮምፒዩተር የምትነካው እዚህ ብቻ ነው። ከዚህ ተባረረች ማለት አለቀላት ማለት ነው።

ትሕትና ብቅ ስትል ያምሮት የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

«በማርያም፣ ትንፍሽ እንዳትይ!» አለች ትሕትና። «ሰውየው ያሉት ቡሬ። በምን ያውቃሉ?»

«ሌባ አላቸው እኮ!»

«አታካብጂ እባክሽ። መጀመሪያ እንጠግነው።»

እሱስ ልክ ነበር። ያምሮት ማሽኑን ከመብራት ነቀለችና ክዳኑን ከፈተች። የተቀረቀረ ወረቀት የለም። ሳጥኑን በእጇ ስትገፋው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ታዲያ ምን ነካው? ስልኳ ላይ አንድ ሕንዳዊ እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ሲጠግን የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘች። ቋንቋው ባይገባትም እጁ ይገባታል። ሰውየው ከብረቱ ጀርባ የተወጠረች ቀጭን ፕላስቲክ በጣቱ አሳየ።

ያምሮት የስልኳን መብራት አበራች። ፕላስቲኳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ተደርድረዋል፤ ማሽኑ ሳጥኑ የት እንደደረሰ የሚያውቀው እነሱን እያየ ነው። መሐል ላይ ግን ኑጉ ጠብ ብሎ አቧራ ሰብስቧል። ማሽኑ እዚያ ሲደርስ መንገዱ ይጠፋዋል፤ ሳጥኑንም ዝም ብሎ ከጠርዙ ያላትመዋል።

የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ በውኃ ረጠብ አድርጋ ፕላስቲኳን እንዳትበጠስ ቀስ ብላ ጠረገች። ብረቱንም በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው። ስትሰካው ሳጥኑ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወረቀቱን ሳበ። ትሕትና እልል ልትል ምንም አልቀራት።

መሐሪ ሲመለስ ወረቀት እየወጣ ነበር። «ማን ሠራው?»

«እኔ። ውስጡ ቆሽሾ ነበር።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተና ወረቀቱን ሲያይ ሳቀ። «ጎበዝ! ከዛሬ ጀምሮ ፕሪንተሩን ላንች ሰጥቻለሁ። ሽማግሌው ግን ቆሻሻ ሸጠውልኛል፤ ላገኘሁት ሁሉ ነው የምናገረው!»

ትሕትና በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ያምሮት ግን ዓይኗን ከወንድሟ አሸሸች።

ስልኩ ጮኸ። መሐሪ አይቶ ገፋው። «እሳቸው ናቸው። አንሽና የለም በያቸው።»

አነሳች።

«ልጄ፣ ወንድምሽ አለ?» አሉ ጋሼ ቸኮለ። መኪና ላይ ናቸው፤ ጫጫታው ይሰማል። «ማሽኑን ፈትሼ ነበር የሰጠሁት፣ ምን እንዳገኘው እንጃ። ብቻ እኔ የምሠራበትን ፕሪንተር ጭኜለት እየመጣሁ ነው። ማንኩሳን አልፌያለሁ። በስተርጅና ሌባ መባሉን አልቻልኩትም።»

ያምሮት ወንድሟን አየችው። የለም በያቸው እያለ እጁን ያወናጭፋል።

«አለ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ጋሼ፣ የሸጡልን ማሽን ደህና ነበር። ዘይት የቀባሁበት እኔ ነኝ። ኑግ ዘይት።»

የመሐሪ እጅ አየር ላይ ቀረ። ትሕትና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ኑግ?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያም ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ተመስገን! ሌባስ አይደለሁም!»

ያምሮት እስክትባረር ሳትጠብቅ የሱቁን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ስልኩን ወደ ወንድሟ ዘረጋች።

«እንካ፣ አንተን ነው የፈለጉት።»

መሐሪ ስልኩን ተቀበለ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመና «ጋሼ...» አለ። «ሌባ ያልኩዎትን ይቅር ይበሉኝ።»