የሰባተኛው ጉድጓድ አሸዋ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሐምሌ ሲጋመስ መጣ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ማሽላው በቁሙ ደረቀ። የዝቋላ ወረዳ ሰው ፍየሉን ሳይከሳበት ለመሸጥ ሰቆጣ ከተማ ድረስ ነዳ፤ ገበያው ላይ ግን ፍየሉ ከገዥው በዛ። በጥቅምት ምንጮቹ ነጠፉ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የጎልፍ ሜዳ ብቻ አልተጎዳም፤ ቀድሞም ሣር አልነበረውም። ጡረተኛው ቀያሽ አቶ ዓለምነህ ድንጋዩን ለቅሞ ዘጠኝ ጉድጓድ ቆፈረ። በየጉድጓዱ ዙሪያ የወንዝ አሸዋ አለበሰ፤ ነፋስ እንዳይወስደውም የተቃጠለ የሞተር ዘይት አርከፈከፈበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ የሚመለስ ሁሉ በነጻ እንዲጫወት ፈቀደ። ዱላ ያውሳል፤ ስለ ጫማ አይጠይቅም፤ ጀማሪውን ራሱ ይዞት ይዞራል።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ዓለምነህ ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ሞቶ ተገኘ።

ዋና ኢንስፔክተር ገብረ ኪዳን እሑድ ሲነጋ ደረሰ። በዘብ ሲጠበቅ ያደረው አስከሬን ከአሸዋው ጠርዝ ላይ ነው። የሟቹ የገዛ ዱላ ከጎኑ ወድቋል። ደሙ ድንጋዩ ላይ ደርቋል፤ የሸፈነው የለም። አሸዋው ግን ከጉድጓዱ ተጀምሮ ወደ ውጭ እየዞረ ተስተካክሏል። ኳስ ሲገባ የሚነቀለው የጉድጓዱ ባንዲራም ቦታው ላይ ቆሟል። ገብረ ኪዳን ተንበርክኮ አየ። አሸዋው ላይ የጨርቅ ክር የተሳበበት ስስ መስመር አለ።

ተጠርጣሪው ተይዟል፤ ሸጋው የሚባል የዝቋላ ገበሬ፣ ፍየል ሊሸጥ መጥቶ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልፍ የሞከረ። ከሟቹ ጋር መጨረሻ የታየው እሱ ነው፤ ጋቢውም ደም ነክቶታል። የገብረ ኪዳን አለቃ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዟል። የሸጋው ቋንቋ ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ነው። ገብረ ኪዳን አንዲት አስተማሪ ለማስተርጎም እስክትመጣ አንድ ቃል አልጠየቀውም።

ሸጋው እንዳለው ስድስተኛው ጉድጓድ ላይ ሳሉ ከጉብታው ማዶ ሰው ዓለምነህን ጠራው። ዓለምነህ «እስክመጣ አትነሣ» ብሎት ሄደ። ሸጋው ማን እንደጠራው አላየም። በኋላ አስከሬኑን ያገኘውን የሜዳውን ጠባቂ ጩኸት ሰምቶ ሮጠ፤ የሟቹን ራስ ያነሣ ጊዜ ደም ነካው።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ለምን ተቀመጥህ?»

«እንግዳ ነኝ፣ ጋሼ። ባለቤቱ ተቀመጥ ብሎኝ እነሣለሁ?» ቀጥሎ የታሰረበትን ክፍል የቆርቆሮ በር አየ። «ልጆቼ እህል ይጠብቃሉ። ይህ በር መቼ ነው የሚከፈተው?»

ጠባቂው ምንይሉ ሲጠየቅ ዐይኑን ከመሬት አላነሣም። አሸዋውን ማታ ማታ በብረት መጥረጊያ እንደሚያበጥር ተናገረ። ተጫዋቾች ደግሞ ኳሷን ካስገቡ በኋላ፣ ከጉድጓዱ ወደ ውጭ እየዞሩ፣ በየጉድጓዱ በተቀመጠ ጣውላ ያስተካክላሉ። የሰባተኛው ጣውላ ግን ዓርብ ተሰብሮ፣ እሱው ሊጠግነው ጎጆው አስገብቶታል።

ሊሄድ ሲል ዞር አለ። «ለሰውየው አስተርጓሚ አመጡለት አሉ። ደግ አደረጉ። ለእኔ ያኔ አላመጡልኝም።»

 ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ገብረ ኪዳን በእህል ስርቆት ጠርጥሮ ያሰረው ምንይሉ፣ ያኔ አማርኛ ስለማያውቅ ያልገባውን ጥያቄ ሁሉ «አዎ» ብሎ ሁለት ዓመት ተፈርዶበታል። ሌባው ሌላ እንደነበር ገብረ ኪዳን ኋላ ዐወቀ፤ ለማንም ግን አልተነፈሰም።

የሜዳው የጎልፍ ክበብ ሰብሳቢ ወንድይፍራው ነው። ቀድሞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ከወንበሩ ከወረደ ወዲህ የቀረለት ማዕረግ ይኸው ሰብሳቢነት ነው። ቅዳሜ በጊዜ ወደ ቤቱ እንደገባ ተናገረ። «ፍየል ነጂ ዱላ ሲሰጡት ምን የሚያደርግበት ይመስልሃል?» አለ።

ነባሩ ተጫዋች ሙሄዲን ሱቁ ውስጥ ተገኘ። ዐስር ሰዓት ላይ ለሶላት ከሜዳው ወጥቶ እስኪመሽ መስጊድ ነበር፤ ብዙ ሰው አይቶታል። ትቷቸው የሄደው ዓለምነህን፣ ጀማሪውን፣ ምንይሉንና ወንድይፍራውን ነው። ወንድይፍራው በጀማሪዎች ላይ እያፌዘ ሦስቱን እንዳይመለሱ አድርጎ ማባረሩን፣ ዓለምነህም በዚህ መቆጣቱን አወራ።

«አሸዋ ማስተካከሉን ለጀማሪ መቼ ታስተምራላችሁ?»

«በሁለተኛው ቅዳሜ። ዓለምነህ ‹ሕግ ከፊት ከቀደመ ሰው ይሸሻል› ይል ነበር። መጀመሪያ ኳሷን ይምታት፤ ደስ ይበለው።» ሙሄዲን ፈገግ አለ። «ወንድይፍራው ዛሬ ቁርሴን ሳልጨርስ በር ደብድቦ ከእኔ ፎጣ ገዛ። በሐዘን ቀን ላብ ያሳሰበው እሱን ብቻ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሜዳው የቆርቆሮ ቤት ተሰበሰቡ። ሸጋው እጁ ታስሮ ከአስተርጓሚዋ ጎን ቆመ። ወሬ ሰምቶ የመጣው ሰው ደጅ ቀርቶ በሩ ተዘጋ፤ ሙቀቱ ያፍናል።

«ገዳዩ ደሙን ትቶ አሸዋውን አስተካከለ» አለ ገብረ ኪዳን። «ለመደበቅ ቢሆን ደሙን ይሸፍን ነበር። ይህ የልማድ እጅ ነው፤ ባንዲራውንም የመለሰው ይኸው እጅ ነው። ሸጋው ደግሞ የመጀመሪያ ቀኑ ነው፤ ይህን ማንም አላስተማረውም።»

«ታዲያ ምንይሉ ነዋ» አለ ወንድይፍራው። «ከአሸዋ የማይለይ እሱ ነው። እስር ቤትም አዲሱ አይደለም።»

ሁሉም ወደ ምንይሉ ዞሩ። ምንይሉ ወደ ግድግዳው ሸሸት አለ።

«የምንይሉ መጥረጊያ የብረት ጥርስ አለው፤ አሸዋው ላይ ያየሁት የጨርቅ ክር መስመር ነው። ምንይሉ ጣውላው እንደሌለም ያውቃል። ገዳዩ ግን ጣውላውን ፈልጎ አጣ፤ በፎጣው አስተካከለ። ዘይቱ ፎጣውን ስላጠቆረው መጣል ነበረበት።»

በዘይት የጠቆረ ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ፖሊሶች ከሜዳው በታች ካለው ሸለቆ፣ ከድንጋይ ሥር ያወጡት ነው።

«ነባር ተጫዋች ሁሉ ዱላ የሚጠርግበት ፎጣ ቦርሳው ላይ ያንጠለጥላል፤ የሙሄዲንና የሟቹ ከየቦርሳቸው ላይ አለ። ያንተ ግን ዛሬ ጠዋት የተገዛ አዲስ ነው፣ ወንድይፍራው።»

ወንድይፍራው የጠቆረው ጨርቅ ላይ አፈጠጠ። «ዓለምነህ ‹ሰው የሚያባርር ሰብሳቢ አንፈልግም፤ የክበቡን ቁልፍ መልስ› አለኝ። ቢሮዬን ሲወስዱብኝ ዝም ብያለሁ። ከዚህስ ወዴት ልሂድ?» ድምፁ ወረደ። «አሸዋውን ማስተካከሌን አላስታውስም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሸጋው እጁ ተፈታ፤ በሩም ተከፈተለት። ሌሎቹ ሊነሡ ሲሉ ገብረ ኪዳን አስቆማቸው። ከኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ለምንይሉ ሰጠ፤ ግልባጩ ነገ ለፍርድ ቤት እንደሚገባ ነገረው። ምንይሉ ማንበብ ስለማይችል ለሙሄዲን አቀበለው።

ሙሄዲን አነበበ። «ምንይሉ እህሉን አልሰረቀም። ጥያቄዬ ሳይገባው ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»



«ድገመው» አለ ምንይሉ። «ደጅ ያሉትም ይስሙ።»