ያልተንኳኳው መስታወት

ፕሮፌሰሩ የተገኙት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የኳንተም ላቦራቶሪው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ቁስል የለም፤ ደም የለም። ሐኪሙ «አየር አጥሯቸው ነው» አለ። አጠገባቸው ያለው፣ ማቀዝቀዣውን የሚመግበው የፈሳሽ ናይትሮጅን በርሜል ባዶውን ቀርቷል። ናይትሮጅን ተንኖ ክፍሉን ሲሞላ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ይወድቃል። ነገር ግን ጣሪያው ላይ ያለው ትልቁ ማራገቢያ እየሠራ ነበር። እሱ እየሠራ ደግሞ በዚያ ክፍል ማንም አይታፈንም።

መርማሪዋ ስለ ፊዚክስ የምታውቀው ነገር ቢኖር በፈተናው መውደቋን ብቻ ነው። ይህንንም ለማንም ለመናገር አፍራ አታውቅም።

እሑድ ሕንጻው ይቆለፋል። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የአባቷን ትርፍ ቁልፍ የያዘችው የሟች ልጅ፣ ባሏ የሆነው ወጣት መምህር፣ እና አንዲት የዶክትሬት ተማሪ። መርማሪዋ ከተማሪዋ ጀመረች።

«ይህ ማራገቢያ ይጠፋል?»

«ስንለካ እናጠፋዋለን። የኳንተም ሁኔታ ስስ ነው፤ ትንሽ ንዝረት ያበላሸዋል። ያጠፋው ሰው ግን በሩ ላይ ቀይ ካርድ ይሰቅላል። ካርድ ካለ ማንም አይገባም።»

«አልገባኝም። ሁኔታ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?»

ተማሪዋ ደነገጠች። በዚያ ሕንጻ ውስጥ «አልገባኝም» ሲባል ሰምታ የምታውቅ አትመስልም።

«አተሙ በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲቆይ ነው። ከተነካ ይፈርሳል። ሳይፈርስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው የምንለካው። እኔ ሁለት ዓመት ለክቼ ምንም አላገኘሁም፤ መሳቂያ ሆኛለሁ። የፕሮፌሰሩ አማች ግን አተሙ ማንም ላላየው ረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ሲቆይ አግኝተው ስማቸው ተጠራ።»

«ታምኚያቸዋለሽ?»

የተማሪዋ ፊት ቀላ። «ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ‹በስሌቴ ይህን ያህል ሊቆይ አይችልም› ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ከመጀመሪያ ዓመት መጽሐፍ ጀምሪ› አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ፕሮፌሰሩ ብቻ አልሳቁም፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሌት ደጋግመው አዩት።»

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላል፤ እዚያ ክፍል ግን የጠየቀ መሳለቂያ ነው የሚሆነው።

የሟች ልጅ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አባዬ ‹መጽሐፍ ረስቻለሁ› ብሎ ነው የወጣው» አለች። ይህን ስትል ቀና ብላ አላየችም።

ባሏ ደግሞ ቃሉን አሳምሮ ሰጠ። «ስልክ አላነሳ ቢሉኝ መጣሁ። ወድቀው አገኘኋቸው፤ ማራገቢያው እየሠራ ነበር። ጋሼ ለእኔ አባቴ ነበሩ።»

መርማሪዋ ከላቦራቶሪው ጎን ወዳለው የመሣሪያዎች ክፍል ገባች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ትልቅ መስታወት አለ፤ የማራገቢያው ማብሪያም እዚሁ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የእሑዱን ልኬት የሚያሳይ አንድ መስመር ለስልሶ ይሄድና መጨረሻው ላይ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዋን ጠርታ ስለ መንቀጥቀጡም፣ ለልኬት ማቀዝቀዣው ውስጥ ስለተቀመጠው ናሙናም ጠየቀቻት። ከዚያ ሦስቱንም የንድፈ ሐሳብ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ማራገቢያውን ያጠፉት ሟች ራሳቸው መስለውኝ ነበር» አለች። «ግን የሞተ ሰው ተነስቶ ማራገቢያ አያበራም። መስመሩ የተንቀጠቀጠው ማራገቢያው ሲበራ ነው። ስለዚህ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ የሚለካ ሰው ነበር። ልጃቸው መለካት አታውቅም። ተማሪዋ መሳቂያ መሆኗን ራሷ ታወራለች፤ የምትደብቀው ስለሌላት ካርዱን ትሰቅል ነበር። ደግሞም ናሙናው የእሷ አይደለም። ያ ስም ያስጠራው ውጤት የተገኘበት ናሙና ነው። አንዴ የተጨበጨበለትን ነገር በእሑድ፣ ተደብቆ ማን ደግሞ ይለካዋል? ራሱ ያላመነው ሰው። ካርዱን መስቀል ‹ተጠራጥሬያለሁ› ብሎ በር ላይ መለጠፍ ነው የሚሆንበት።»

«ልክ ነበረች» አለ ወጣቱ መምህር፣ ተማሪዋን ሳያይ። «ቤቴ ገብቼ ስሌቱን ሠራሁት። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

መርማሪዋ አንቱታውን ተወችው። «ሲገቡ አየሃቸው?»

«በመስታወቱ አየኋቸው። ‹ልጄ፣ አለህ?› ሲሉ ሰማሁ። ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ሲያጡኝ ይመለሳሉ ብዬ። ሲወድቁ ሰምቼ ማራገቢያውን አበራሁ፤ ግን...»

«መስታወቱን ብታንኳኳ ይወጡ ነበር።»

«አፈርኩ» አለ።

ምክንያቱ ቂም ወይም ቅናት ቢሆን ኖሮ ሰሚው በተቆጣና በወጣለት። ይህ ግን የሰማውንም የሚያሳፍር ነበር። ተማሪዋ እንኳ ልክ በመሆኗ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ሚስቱ ተነሳች። «መርማሪ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አባዬ መጽሐፍ አልረሳም። ማን ጋ እንደሄደ ስለማውቅ ነው የደበቅኩት።» ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ስሌቱን አባዬም ሠርቶት ነበር። ‹ነገ ተማሪ ፊት ከሚያፍር፣ ዛሬ ብቻውን ላግኘው። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ተሳስቼ ነበር ልበለው› ብሎኝ ነው የወጣው።»

ባሏ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከክፍሉ እስኪወሰድ ድረስም እጁን አላነሳም።