ዝቅ ተደርጎ የሚሰማ ሬዲዮ

«ዝቅ አድርጊው!» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ከዚህ በላይ ከቀነስኩት እኮ ይጠፋል፣ እማዬ።»

አረጋሽ ግን ትንሽ ቀነሰችው። ሁለቱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው አስጠጉ። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል። የናዝሬት የከሰዓት ፀሐይ ቆርቆሮውን እያንጣጣችው ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል።

በየእሁዱ በዚህ ሰዓት አንዲት ሲስተር ነቀርሳ ከያዛቸው ሰዎችና ከሚያስታምሟቸው ቤተሰቦች ጋር በሬዲዮ ትነጋገራለች። ዛሬ ያቀረበችው ሚስቱን የሚያስታምም አንድ የድሬዳዋ ባቡር ሠራተኛ ነው። ሰውየው ቃላቱን እየጎተተ ያወራል።

«መጀመሪያ ለማንም አልነገርንም። ሰው ምን ይለናል ብለን ደበቅን። እብጠቱ ግን እኛን ቆሞ አልጠበቀም።»

እናቷ ሳታስበው እጇን ወደ ግራ ጡቷ ላከች። አረጋሽ ያላየች መሰለች።

እናቷ ወይዘሮ አበዛሽ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ትንሽ ቁርስ ቤት አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው ለሹፌሮች ጨጨብሳና ፉል እየሠራች ነው። ታላቁ ልጇ ጫላ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ይገኛል። ሐኪም መርምሯት «ሳትውዪ ሳታድሪ አዲስ አበባ ሂጂ» ካላት ቆየ። እሷ ግን ሶደሬ ፍል ውሃ እየተመላለሰች ትታጠባለች። አረጋሽ ስትለምናት መልሷ አንድ ነው።

«ነቀርሳ አለባት ከተባለ ማን ከእጄ ይጎርሳል? በይ ማዪልኝ። ‹ለሰው ብናገር ጫላን ይንሳኝ› በይ።»

አረጋሽ ምላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንድሟ ስም በተጠራ ቁጥር መሐላዋ ትዝ ይላታል።

ያ ሰሞን የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት የከሸፈበት ነበር። ሰው የገዛ ጥላውን ይፈራል። ረቡዕ ዕለት በእረፍት ሰዓት የክፍል ጓደኛዋ ቀመሪያ ክንዷን ይዛ ወደ አጥሩ ጥግ ጎተተቻት።

«ስሚ፣ ቤታችሁ ሬዲዮ ዝቅ ተደርጎ ይሰማል አሉ። የምትሰሙት የሰሜን ወንበዴዎችን ጣቢያ ነው እየተባለ ነው።»

«ውሸት ነው!»

«ውሸት ከሆነ ለምን በር ትዘጋላችሁ? አቦ ፋራ አትሁኚ፣ ወንድምሽ ግንባር ነው፤ ወሬ ብትፈልጉ አይገርምም። ጓድ ሰብስቤ ስለ እናንተ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ጓድ ሰብስቤ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ስለ አንድ ሰው ከጠየቀ ያ ሰው በደህና የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አረጋሽ እየሮጠች ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት።

«እንግዲያው ድምፁን ከፍ አድርገን እንስማው፣ እማዬ። የመንግሥት ጣቢያ መሆኑን ይወቁት።»

«እና ጎረቤት ሁሉ ከቤቴ ነቀርሳ፣ ነቀርሳ ሲባል ይስማ? አይሆንም።»

በሚቀጥለው እሁድ ሲስተሯ ገና ሰላምታ ሰጥታ ሳትጨርስ በሩ ተደበደበ።

እናቷ ደነገጠች። ሬዲዮውን ማጥፋት ሲገባት ጣቢያ መፈለጊያውን አሽከረከረችው። መርፌው ከአገሩ ጣቢያ ርቆ ሄደ። ጓድ ሰብስቤ ጠመንጃ ካነገተ አብዮት ጠባቂ ጋር ሲገባ ሬዲዮው ሽሽሽ ይላል፤ በጩኸቱ መሃል የማይታወቅ ሰው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ሊቀመንበሩ መርፌውን ጎንበስ ብሎ አየው።

«ለምን አዞርሽው?»

እናቷ ከሬዲዮው ሸሸት አለች።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ ምን ስትሰሚ ነበር?»

እናቷ መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን አጣፋች። አረጋሽ አፏን ስትከፍት እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ያንን ዓይን አረጋሽ ታውቀዋለች። አፏ ተመልሶ ተከደነ። ሰዎቹ እናቷንም ሬዲዮውንም ይዘው ወጡ፤ አረጋሽም ተከተለቻቸው።

ቀበሌው ግቢ ሲደርሱ የሕብረት ሱቁ ስኳር ስለመጣለት ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ግማሹ ሰው የቁርስ ቤቱ ደንበኛ ነው። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

«ሲመሽ መኪና ከአውራጃ ይመጣል» አለ ጓድ ሰብስቤ ለጠባቂው። «እዚያ ስትደርስ ትናገራለች።»

አረጋሽ ወደ ሊቀመንበሩ ተጠጋች። ባለፈው ዓመት በዚያ መኪና የተወሰደው የክፍላቸው አስተማሪ እስካሁን አልተመለሰም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለብቻዎ የምነግርዎት ነገር…»

«ከሰፊው ሕዝብ የሚደበቅ ነገር የለም። እዚሁ ተናገሪ።»

አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው እናቷ ቀስ ብላ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ለአረጋሽ የጫላ ፊት ታያት፤ የተላጨ ራሱ፣ የሰፋው የወታደር ልብሱ። ጫላን ይንሳኝ ብላለች። ዓይኗን ከእናቷ ላይ አንስታ ሊቀመንበሩን አየች።

«እናቴን የጡት ነቀርሳ ይዟታል። የምንሰማው የጤና ፕሮግራም ነው። ሰው እንዳያውቅባት ነው የምንደበቀው።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት «ውይ በሞትኩት!» አለች። ሌላዋ የቆመችበትን ትታ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ልጇንም ሳበችው።

«ማስረጃ አለሽ?» አለ ጓድ ሰብስቤ።

ወይዘሮ አበዛሽ ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አሳይዎታለሁ» አለችና እጇን ወደ ቀሚሷ ቁልፍ ሰደደች።

አንዱን ፈታች። ሁለተኛውን ስትጀምር ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ።

«ተዪው! ተዪው በቃ። ወደ ቤትሽ ሂጂ። ሬዲዮው እዚህ ይቆያል።»

እናቷ በመንገድ ላይ እርምጃዋን አፍጥና ቀድማት ሄደች። ቤትም ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ሰኞ ማለዳ እናቷ እንደ ልማዷ ጨጨብሳውን ሠርታ ደንበኞቿን ጠበቀች። ሹፌሮቹ በቁርስ ቤቱ ደጃፍ እያለፉ ወደ ሌላ ቤት ገቡ። አንዳንዶቹ እያዩ፣ አንዳንዶቹ እንዳላዩ ሆነው። ጨጨብሳው ቀዘቀዘ፤ ቅቤው ረጋ። አረጋሽ ጥጉ ጋ ቆማ የገዛ ምላሷ ያመጣውን ታያለች።

ረፋዱ ላይ የሞጆው ሹፌር ጉደታ በሩ ላይ ቆመ። ከዚህ ቤት ሳይበላ ያለፈበት ቀን የለም።

«አካም ቡልተን፣ እትዬ አበዛሽ?»

«ደህና። ግባ፣ ላቅርብልህ?»

ጉደታ ቆቡን አወለቀና መልሶ አጠለቀው።

«ዛሬስ… በልቼ ነው የመጣሁት።»

ውሸቱን እንደሆነ ሦስቱም አውቀዋል። እናቷ ሳህኑን ከደነችው። ጉደታ ግን አልሄደም፤ ደጃፉን በጫማው ጫፍ እየቆፈረ ቆየ።

«አዲስ አበባ ነው የምሄደው» አለ በመጨረሻ። «ጋቢናው ባዶ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ አወርድዎታለሁ።»

እናቷ ቀዝቅዞ የቀረውን ጨጨብሳ አየችው። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችው፤ ነጠላዋን አነሳች። ስትወጣ አረጋሽ ቁርስ ቤቱን ቆልፋ ተከተለቻት።

«ትምህርትሽስ?» አለቻት እናቷ። ከትናንት ወዲህ የተናገረቻት የመጀመሪያው ቃል ነበር።

የመኪናው ሞተር እየተንጓጓ ነው። አረጋሽ ከእናቷ ቀድማ ጋቢናው ላይ ወጣችና እጇን ወደ ታች ዘረጋችላት።