ከካርዱ ጀርባ

አጎቴ የታወቀ ተቋራጭ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሁሉ ድንገት ይወደኛል። የቀድሞ እጮኛዬ እንኳ ከቀለበቱ በፊት የጠየቀኝ የአጎቴን ስልክ ነበር። ሰው እንዴት ትንሽ አያፍርም!

አናጺውን የተዋወቅኩት የግንባታ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ነው። ሁሉም ካርዱን ሲያድል፣ እሱ ጥግ ይዞ ወንበር ገልብጦ እግሩን ይመረምራል።

«ምን አጠፋ?» አልኩት።

«ይነቃነቃል። ሦስት ሰው ተቀምጦበት ተነሣ፣ አንድም ትንፍሽ ያለ የለም።»

ሳቄ መጣ። የቤት ውስጥ ዲዛይነር መሆኔን ነግሬው ካርድ ተለዋወጥን፤ የማን የእህት ልጅ እንደሆንኩማ እዚያ ያልሰማ አልነበረም።

መጀመሪያ አንድ መደርደሪያ አሠራሁት፤ በቀኑ አስረከበኝ። ቀጥሎ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሰጠሁት። ሁለት ሚሊሜትር ሳተ ብዬ ብነጫነጭበት፣ ሳያጉረመርም አፍርሶ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ስሜ «ሚሊሜትር» ሆኖ ቀረ። ደንበኞቼን እልክለት ጀመር፤ እሱም የሱን ይልክልኛል። ስለ አጎቴ ግን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ! አንጀቴን የበላው ይሄ ነው። በዚያ ሻካራ እጁ እጄን ይዞ ዝም ሲል፣ ዝምታው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። ወደድኩት፤ ምን ልደብቅ።

በመጨረሻ ራሴው ስለ እሱ ለአጎቴ ነገርኩት።

«ዋስ ትሆኚዋለሽ ልጄ?» አለኝ።

አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው። ለማንም ብዬ አስቸግሬው አላውቅም ነበር።

«እሆናለሁ ጋሼ።»

የሚሠራውን ሆቴል በሮች በሙሉ ሰጠው።

ውሉን በፈረመ ማግስት ዎርክሾፑ ሄድኩ። መጋዙን ሳያጠፋ ጮኸብኝ፦

«ሚሊሜትር፣ እስቲ ከዚያ ሳጥን የቀለም ቀቢውን ካርድ አውጪልኝ!»

ካርዶቹ በተርታ ተደርድረዋል። ከየካርዱ ጀርባ የባለቤቱ ነገር በእርሳስ ተጽፏል። «ቀለም ቀቢ። በምሳ ሰዓት አይደወልለትም፣ ይቆጣል።» እየሳቅኩ የራሴን ፈልጌ ገለበጥኩት።

«የተቋራጩ የእህት ልጅ። ስለ አጎቷ አትጠይቃት። ራሷ እስክታመጣው ጠብቅ።»

መጋዙ ቆመ። ፊቴን ሲያይ ገባው።

«የመጀመሪያው ቀን እኮ ነው የጻፍኩት! ያኔ መች አውቅሽ ነበር?»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ... ረሳሁት።»

«ረስተኸው ነው ልክ እንደጻፍከው የጠበቅከው?»

ጣቱ ላይ የደረቀውን ኮላ ይልጥ ጀመር። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ አምነው ነበር፤ ጅል ነኝና። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ለአጎቴ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ዋሱ እኔ ነኝ። በሮቹ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዱም አንዲት ሚሊሜትር አልሳተም። አጎቴ ባገኘኝ ቁጥር «ያመጣሽልኝ ልጅ እኮ ወርቅ ነው!» ይለኛል።

«አዎ ጋሼ» እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቦርሳዬን ሳራግፍ የእሱ ካርድ ወደቀ። ልቀደው ስል ገለበጥኩት። ለካ እኔም የሆነ ቀን ከጀርባው ጽፌበት ኖሯል፤ ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

«ይሄኛው እንኳ ከኔ ምንም አይፈልግም።»