ሰው አለው የተባለው ቤት

የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ አባል ጓድ እሸቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ የተዘጋውን ቤት ግድግዳ ግርጌ ወጋ ቢያደርገው፣ እርሳሱ እስከ ግማሹ ገባ። መልሶ ሲያወጣው ምስጥ የፈጨው አፈር ተከትሎት ፈሰሰ።

«ይኼንን ምስጥ ጨርሶታል» አለና ወደ ሰዓዳ ዞረ። «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይኼ ቤት ሰው አለው ወይስ የለውም?»

ሰዓዳ እንደ ወትሮዋ «አለው» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ግን አልወጣላትም።

በጋውን ሙሉ ስትል የከረመችው እሱን ነው። የቀበሌው የቤቶች ኮሚቴ ብቅ ባለ ቁጥር፣ ባለቤቶቹ ድሬዳዋ ዘመድ ታሞባቸው ነው የሄዱት፣ ዛሬ ነገ ይመጣሉ ትላቸዋለች። ሰው ያለበት እንዲመስል ግቢውን ትጠርጋለች፣ የራሷን ልብስ አጥባ እዚያ ታሰጣለች። አደራ ስላለባት ነው። ጓደኛዋ ሱልጣና ቤተሰቡ ለጉዞ የተነሳ ዕለት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ «ለወሩ መጨረሻ እንመለሳለን። ቤታችንን እይልኝ፣ ግድግዳው ጥግ የተከልኳትን ሂናዬንም ውሃ አጠጪልኝ» ብላታለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው። እንዴት እምቢ ትበላት?

ያን ጊዜ አዋሽ ውስጥ ተዘግቶ የቀረ ቤት ብዙ ነበር። ባለቤቱ አንድም በሶማሌው ጦርነት ሰሞን፣ አንድም ከዚያ ወዲህ፣ በባቡሩ ተሳፍሮ በዚያው የቀረ ነው። ባለቤት የለውም የተባለውን ቀበሌው ይረከበዋል፤ ጠግኖም ቤት ለሌለው ያከራየዋል። ባለቤት አለው በተባለው ላይ ግን አንዲት ምስማር አይመታም። ስለዚህ ሰዓዳ «ይመጣሉ» ባለች ቁጥር ቤቱ ለሱልጣና ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይፈርሳል።

ለብቻው ቢፈርስ እንኳ ባልከፋ ነበር። የሁለቱ ቤት ግድግዳ አንድ ነው። በወዲያ በኩል ሱልጣና ትተኛ ነበር፣ በወዲህ በኩል የሰዓዳ አያት እማማ ኡሙሀኒ ይተኛሉ። ልጆቹ በዚያ ጭቃ ላይ በጣታቸው እያንኳኩ ሲጠራሩ፣ አሮጊቷ «ግድግዳውን ተዉትና ተኙ» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። አሁን ግድግዳው ወደ እሳቸው አልጋ ሆዱን ነፍቷል። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች አልጋውን የሚያሸሹበት የለም። ማታ ማታ ጭቃው ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ ያረቢ አንተ ያዘው እያሉ ይለምናሉ።

ጓድ እሸቴ ወደ ግርጌው ጎንበስ አለ። አፈሩ ረጥቧል።

«እዚህ ውሃ የሚያፈሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ሂናዋን ላጠጣ ብዬ…»

«ምስጡን ነዋ ያጠጣሽው» አለ። ሊቆጣት ብሎ አልነበረም፤ ድካም ነበረበት። ምስጥ እርጥብ እንደሚወድ ማን ነገራት? ጥዋት ጥዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት፣ በጀሪካን እየተሸከመች ያመጣችው ውሃ ነው።

ጓድ እሸቴ ክፉ ሰው ነበር ማለት አይቻልም፤ ነገሩን በቀስታ ነው ያስረዳት። ከአውራጃው ለተዘጉት ቤቶች መጠገኛ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ተፈቅዷል። ሰኔ ካለፈ ግን በጀቱ ተመላሽ ነው፤ ለከርሞ ይገኝ አይገኝ አይታወቅም። ዝናቡ ደግሞ ሐምሌን አይጠብቅም።

ይኼን ሲል እማማ ኡሙሀኒ ከቤታቸው ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። «ጓድ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለሚከብዳቸው የራሳቸውን ጨምረውበት ነው የሚጠሩት።

«ጓድ ልጄ» አሉ፣ «ሰው አለው። አትድከም። ኢንሻአላህ ይመጣሉ፣ ይቺ ልጅ ቃል ገብታለች።»

ግድግዳው የሚጫነው እሳቸውን ነው። እሳቸው ግን የልጅ ልጃቸው ቃል እንዳይፈርስ ብለው ቆመው ይሟገቱላታል። የማያውቁት ነገር አለ፤ ሰዓዳ አልነገረቻቸውም።

ባለፈው ሳምንት አዲስአለም፣ አባቱ ባቡር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው የክፍሏ ልጅ፣ በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ዘበኛ፣ ደሞዝ ይቆርጡልሻል እንዴ? ሱልጣናሽ እኮ ጅቡቲ ዩኒፎርም ለብሳ ትምህርት ቤት ስትገባ አባዬ አይቷታል» አላት። ሰዓዳ «ሂድ፣ ሸዋጅ» ብላ ገፈተረችው። ግን ቤቷ እስክትደርስ አንድ ነገር ሲከነክናት ቆየ። የሄዱ ዕለት የሱልጣና እናት የልብስ ስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር ያሳፈረችው። የታመመ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው የስፌት መኪና ይዞ ይሄዳል? ያኔም አይታዋለች። ዝም ያለችው ማመን ስላልፈለገች ነው።

«አይመለሱም» አለች ሰዓዳ።

እማማ ኡሙሀኒ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«የት ሄዱ?» አለ ጓድ እሸቴ።

ይኼ ጥያቄ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ከአገር ኮበለሉ ከተባለ፣ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጠው የሱልጣና አክስት ቀበሌ ትጠራለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያውቅም። ሰዓዳ ዓይኗን ከእርጥቡ አፈር ላይ አላነሳችም።

«ከድሬዳዋ ወዲያ የት እንደሚሄዱ አልነገረችኝም» አለች። ይኼ እውነት ነው፤ ሱልጣና አልነገረቻትም። «እንደማይመለሱ ግን አውቃለሁ።»

ሰውዬው እርሳሱን ጆሮው ላይ መልሶ ሰካ። ቀጥሎ ሊጠይቃት የሚችለውን ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ግን አልጠየቃትም። ግንበኞቹ ሰኞ እንደሚመጡ፣ እስከዚያ አሮጊቷ ሌላ ቦታ ቢያድሩ እንደሚሻል ነግሮ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ።

እማማ ኡሙሀኒ አልተቆጡም። ይቆጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ምስጥ የበላው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለው ሻሻቸውን ፈተው መልሰው አሰሩ፤ ጭንቅ ሲላቸው የሚያደርጉት ነው።

«ምን እንደተናገርሽ ታውቂዋለሽ፣ ሆዴ?» አሉ። «በዚህ ክረምት ሌላ ሰው ይገባበታል። ከገባ ደግሞ አይወጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሏህ ብሎ ልጅቷ ብትመጣስ?»

ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ ከግድግዳው ሥር አስነሳቻቸው።

«ከመጣች ከኔ ጋር ትተኛለች» አለች።